የሰው ሁሉ ሥራ በስሜ የገባ ዕለት

ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል ይባላል። እኔን ያየ ሰው ተረቱን ትንሽ ያሻሽለው ነበር፤ እኔን ገና ውሃው ሳይቀዳ ነው የሚያልበኝ። ስልክ ሲጮኽ ማን ሞተ እላለሁ። በር ሲንኳኳ ምን አጥፍቼ ይሆን ብዬ ማሰብ እጀምራለሁ። ሙሉ የምትባለው ባለቤቴ ሁለተኛ ደረጃ ታስተምራለች፤ ከተማሪዎቿ መካከል እኔን የሚያህል ፈሪ ገጥሟት አያውቅም። እነሱ እንኳ የሚፈሩት ሲያጠፉ ነው ትላለች። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው አንድ ቀን የምሩን ሲያጠፋ ምን እንደሚውጠው አስቡት።

የምንኖረው ንፋስ መውጫ ነው። ስሙን የሰማ ሰው ነፋሱ በዚህ ወጥቶ የሚሄድ ይመስለዋል። አይሄድም፤ ወጥቶ ይመለሳል። ሙሉ እዚህ ስትመደብ ተከትያት መጣሁ፤ ሥራዬ ኮድ መጻፍ ስለሆነ ኮምፒውተርና ኔትወርክ ካለ የትም ይሠራል። ኮምፒውተሩ አለ። ኔትወርኩ እንደ ነፋሱ ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ማንንም አያማክርም። አከራያችን እትዬ ጥሩ ቀኑን ሙሉ ጋቢ ደርቤ ስቀመጥ ስለሚያዩኝ ሙሉን «አይዞሽ፣ እሱም አንድ ቀን ሥራ ያገኛል» እያሉ ያጽናኗታል። እሷም አሜን ትላለች።

መሥሪያ ቤቴ አዲስ አበባ ያለ ትንሽ ድርጅት ነው። ለጤና ጣቢያዎች የመድኃኒት መጋዘን የሚቆጣጠር ፕሮግራም እንሠራለን፤ ምን ገባ፣ መቼ ገባ፣ ምን ቀረ የሚለውን ይናገራል። የፕሮግራሙ ኮድ የሚቀመጥበት ማኅደር አለን። ይህ ማኅደር እያንዳንዱን መስመር ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደጻፈው፣ ቀድሞ ምን ይል እንደነበር አይረሳም። ቂመኛ አማት እንኳ እንደሱ አታስታውስም።

ችግሩ የጀመረው ከስም ነው። ባለፉት ዓመታት የሠሩት ሰዎች ስማቸውን እንዳሻቸው ነበር የሚያስመዘግቡት፤ ዛሬ ከነአባት፣ ነገ በቁልምጫ፣ ሲሰለቻቸው በአንድ ፊደል። ከሁላችንም ቀድሞ የተቀጠረ የሺዋስ የሚባል ባልደረባ ብቻውን እንደ ብዙ ሰው ሆኖ ተመዝግቧል። ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ ሒሩት ማን ምን እንደሠራ በግልጽ ይታወቅ አሉ። ቃልኪዳን የምትባል ባልደረባዬ ለዚሁ የሚሆን ትንሽ ፕሮግራም ጻፈች፤ ማኅደሩን ከመጀመሪያው ቀን እስከ ዛሬ እየዞረ የድሮውን ስም አንሥቶ ትክክለኛውን የሚተካ። እንዲህ ያለው ነገር ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ሌላ ሰው መስመር በመስመር አንብቦ ማጽደቅ አለበት። ይህን ግምገማ እንለዋለን። ገምጋሚው እኔ ሆንኩ። ወይዘሮ ሒሩት የመረጡኝ ጥንቁቅ ነህ ብለው ነው፤ ፈሪን በክብር ሲጠሩት ጥንቁቅ ይሉታል።

ገና የመጀመሪያውን ገጽ ሳነብ መፍራት ጀመርኩ። የነገን ነገር የሚቀይር ኮድ ቢሳሳት ነገ ይታረማል። የትናንትን የሚቀይር ከተሳሳተ ትናንትን ከወዴት አመጣዋለሁ? እንደዚያ እየፈራሁ አንድ ክፍተት አገኘሁ። ቃልኪዳን ባዘጋጀችው ዝርዝር ውስጥ ስሙ ያልተገኘ ሰው ቢመጣ ምን ይደረግ እንደሆነ አልተጻፈም። በጣም ደስ አለኝ፤ ገምጋሚ ስህተት ሲያገኝ ደጀ ሰላም እንደደረሰ ሰው ያርፋል። እስቲ ልሞክረው ብዬ በባዶው ቦታ የራሴን ስም ጻፍኩና ቃልኪዳን ወደምታየው ቅጂ ላክሁት። ሠራ። ስሜን ልፍቅ ስል መብራት ጠፋ። መብራቱ ሲመለስ እኔ ሌላ ነገር እየፈራሁ ነበር።

በማግስቱ አርብ ነው። አማቴ አባባ ይግዛው ታች ጋይንት የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ክረምት ሳይገባ አርብ ገበያ ወጥተው በሬ ሊገዙ ነውና ገመድ የሚይዝላቸው ፈለጉ። ተጠራሁ። ከመሄዳችን በፊት ሙሉን የባልሽ ሥራ እንዴት ነው ብለው ጠይቀዋት ኖሯል፤ እሷም ሳታስበው ግምገማ ላይ ነው ብላቸዋለች። አባባ ፊታቸው ጠቆረ። በእሳቸው ዘመን ግምገማ ማለት ሰው መሐል ቆመህ ኃጢአትህ የሚዘረዘርበት፣ ስትገባ ሹም ሆነህ ስትወጣ ተራ ሰው የምትሆንበት ነው። መንገዱን ሙሉ በሐዘኔታ ሲያዩኝ ቆይተው፣ ገበያው ዳር ስንደርስ ጠጋ አሉኝ።

«ልጄ፣ ካባረሩህም አትጨነቅ። ከእኔ ጋር ታርሳለህ።» ከዚያ እጄን አገላብጠው አዩት። «ወይ ደግሞ ሌላ ነገር አይጠፋም» አሉ።

ከብዙ መዞር በኋላ አንድ ወይኖ በሬ መረጡ። ጥርሱን አዩ፣ ሻኛውን ዳሰሱ፣ ወዲያና ወዲህ አስኬዱት። እሳቸው ከባለቤቱ ጋር ሲነጋገሩ ገመዱ እኔ እጅ ላይ ነው። በሬው ቀና ብሎ አየኝ። እንስሳ ፈሪን ያውቃል ሲሉ እሰማ ነበር፤ ይኸኛው ሳያመነታ ነው ያወቀኝ። በዚህ መሐል ስልኬ ጮኸ። ቃልኪዳን ናት። ወይዘሮ ሒሩት ዛሬውኑ ይለቀቅ ብለዋል፣ ጨርሰሃል ወይ አለችኝ። ትንሽ ይቀረኛል፣ አስተያየቴን አሁኑኑ እጽፍልሻለሁ አልኳትና በግራ እጄ ስልኩን ከፈትኩ። ገጹ ላይ ሁለት ቁልፎች አሉ፤ አንዱ አስተያየት የሚጻፍበት፣ ሌላው የሚጸድቅበት። እነዚህን ሁለት ቁልፎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው በሬ ጎትቶ እንደማያውቅ እምላለሁ። በሬው ከማዶ ሌላ በሬ አየና ወደፊት ተወረወረ፤ እኔም ተከተልኩት፤ አውራ ጣቴም ወረደች። ቀና ስል ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ምልክት አለ። ጸድቋል ይላል።

ልመልሰው ብል ኔትወርኩ የለም። ጉብታው ላይ ብወጣ ይኖር ነበር፤ ግን በሬውን ለማን ልስጥ? አባባም «በል ያዘው፣ ያዘው» ይላሉ። እዚህ ላይ ነው ጅልነቴ። ለራሴ፣ አብዛኛውን አንብቤዋለሁ፣ ምን ሊመጣ ነው አልኩት። ፈሪ ሰው አንድ መጥፎ ልማድ አለው፤ ዓመቱን ሙሉ የማያስፈራውን ሲፈራ ይከርምና፣ መፍራት በሚገባው ዕለት ይደፍራል።

ቤት ስገባ የቃልኪዳን መልእክት ጠበቀኝ። ስሞቹ ሁሉ ተስተካክለዋል፤ የድሮው ተመልሶ እንዳይቀላቀል ሁላችሁም የያዛችሁትን ቅጂ ደምስሳችሁ አዲሱን ውሰዱ ይላል። እኔ ትእዛዝ አላሳድርም። ከሁሉ ቀድሜ ደመሰስኩ። ከዚያ አዲሱን አወረድኩና ከፈትኩት።

ከላይ ስሜ ነው። ከሥሩም ስሜ ነው። ገጹን ወደ ታች አወረድኩት፤ ስሜ ነው። የቃልኪዳን ሥራ በስሜ ገብቷል፣ የየሺዋስ ሥራ በስሜ ገብቷል፣ ስማቸውን ሰምቼ የማላውቃቸው ሰዎች ሥራ በስሜ ገብቷል። የመጀመሪያውን የፕሮግራሙን መስመር ማን ጻፈው? እኔ። መቼ? ቀኑን ሳሰላው አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ሙሉ ከትከሻዬ በላይ ቆማ አነበበችና «ያን ዓመት ነው ኬሚስትሪ የወደቅከው?» አለች። አዎ አልኳት። እንዲህ ያለ ሥራ ይዘህማ ለኬሚስትሪ ጊዜ አይተርፍም አለችኝ።

ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልለፋሁም። ቃልኪዳን የስም ዝርዝሩን ያዘጋጀችው በእኛ ፊደል ነው። ማኅደሩ ውስጥ ያሉት ስሞች በላቲን ፊደል የተጻፉ ናቸው። ፕሮግራሙ የሺዋስን በላቲን አየና ከዝርዝሩ ፈለገው፤ አላገኘውም፤ የአንዱንም ሰው አላገኘም። ስሙ ያልተገኘ ሰው ማን ይሁን ብሎ ሲጠይቅ ደግሞ መልሱ ተጽፎ ተቀምጧል። በእኔ እጅ።

ቅዳሜ ስልኬ አላረፈም። አንዱ የአምስት ዓመት ልፋቴን ወሰድክብኝ ብሎ ተቆጣ። አንዱ ቀልዶ የዓመቱ ምርጥ ሠራተኛ አለኝ። ቃልኪዳን እያለቀሰች ደወለች፤ ሥራው የሷ ስለሆነ ጥፋቱም የሷ እንዲመስላት ሁሉም እየነገራት ነው። የሙከራ ስም ሳልፍቅ የተውኩት እኔ ነኝ አልኳት፤ አላመነችኝም፣ ላጽናናት የዋሸሁ መሰላት። መጠባበቂያውስ ብላት በየዕለቱ በሰዓቱ የሚገለብጠው ማሽን አዲሱን በአሮጌው ላይ ገልብጦታል። ሌሎቹም ሁሉ ቅጂያቸውን ደምስሰዋል። ታዛዥ ሰው የበዛበት መሥሪያ ቤት እንዲህ ነው የሚጠፋ።

ቀጥሎ ወይዘሮ ሒሩት ደወሉ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው፤ እኔ ከጩኸት ይልቅ ዝግታ ያስፈራኛል።

ነገሩ ከስም በላይ ነበር። ስማዳ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ መጋዘኑን ሲያጸዳ ፕሮግራሙ የሉም የሚላቸው የመድኃኒት ካርቶኖች ተገኝተዋል። ጊዜያቸው አልፏል። መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ሳለ የለም ተብለው የተመለሱ ሰዎች አሉ። ሰኞ ከጤና ቢሮ የሚመለከታቸው ሰዎች መጥተው ይህን ስህተት የጻፈው ማን እንደሆነ ይጠይቃሉ።

«መስመሩን ፈልጌ ከፈትኩት» አሉ። «ያለው ያንተ ስም ነው።»

ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ አልኳቸው። የሆነውንም ሁሉ ከበሬው ጀምሬ ነገርኳቸው። ታሪኩን ሳያቋርጡኝ ሰሙ፤ ስለ በሬው እንኳ አልጠየቁም። ስጨርስ «የድሮውን ቅጂ እስከ ሰኞ አምጣ። ካላመጣህ ሰዎቹ የሚያዩት ያለውን ነው» ብለው ዘጉ።

ጋቢዬን ተከናንቤ ተቀመጥኩ። በዓይነ ሕሊናዬ አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ከሩቅ መንገድ መጥታ የለም ሲሏት ታየኝ። እስከዚያ ሰዓት የምፈራው ለራሴ ነበር። ከዚያ ወዲህ የምፈራው ምን እንደሆነ አላወቅሁትም፤ ብቻ ይበልጥ ከበደኝ።

ምሳ አቅርባ አልበላ ስላት ሙሉ፣ በመሥሪያ ቤታችሁ ያልታዘዘ ሰው የለም ወይ አለችኝ። የለም አልኳት። ትእዛዙ ያልደረሰውስ አለች። እጄን ጭንቅላቴ ላይ ጫንኩ። የሺዋስ! የሺዋስ ከዓመታት በፊት ሥራውን ትቶ የድጓ ዜማ ሊማር እዚሁ ጋይንት ያለው ቤተ ልሔም ገብቷል። ሲሄድ ኮምፒውተሩ የራሱ ነበር፤ ይዞት ሄዷል። ካልሸጠው፣ ካልተሰበረ፣ ዝናብ ካላገኘው እስከሄደበት ቀን ድረስ ያለው ማኅደር እንዳለ ውስጡ አለ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ጥቂት ስለሆንን እያንዳንዳችን የየራሳችንን ለይተን እናውቃለን። ከኔ መንደር ግማሽ ቀን በማይሞላ መንገድ ላይ ያ የጠፋው ትናንት በሕይወት አለ ማለት ነው።

እሑድ ጠዋት ተነሥቼ ሄድኩ። ከመኪና ወርጄ በእግር ስሄድ የገብሱ ማሳ ዳር ያሉት ውሾች ሁሉ አንድ በአንድ ተረከቡኝ። ዱላ ይዣለሁ፤ ግን ዱላውን የያዝኩት እንደ ጃንጥላ ስለነበር የናቁኝ ይመስለኛል። ያገኘሁትን ሁሉ የሺዋስን አያችሁ እላለሁ። የሚያውቅ የለም። ተስፋዬ ሲሟጠጥ አንዲት እናት ውሃ ቀድተው ሲመለሱ አገኘኋቸውና ከአዲስ አበባ የኮምፒውተር ሥራ ትቶ የመጣው አልኳቸው። «እህ፣ ፍቅረ ማርያምን ነው እንዴ?» አሉ። እዚህ የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነው። ሰውየው ለብቻው ስንት ስም እንዳለው አይቼ ለቃልኪዳን አዘንኩላት።

ቅዳሴ ወጥቶ የኔታ ከቅጥሩ ሥር ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሮአቸው ግን ከሩቅ የተሳሳተ ዜማ ይለያል ይባላል። ተማሪ መምህሩን ሳያስፈቅድ አይወጣምና ወደሳቸው ወሰዱኝ። እጅ ነሣሁ። ምን ሽተህ መጣህ አሉኝ። ስለ ኮድና ስለ ማኅደር ልናገር አልኩና አፌ ተሳሰረ። በመጨረሻ ያለውን በአጭሩ ነገርኳቸው፤ ብዙ ሰው የደከመበት መጽሐፍ ነበር፣ የጸሐፊዎቹ ስም ተፍቆ የኔ ተጻፈበት አልኩ።

አጠገባቸው የነበሩት ተማሪዎች አንገታቸውን አቀረቀሩ።

«ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ» አሉ የኔታ። «የሰረቀውም፣ የፋቀውም። ከመጽሐፉ ኋላ የሚጻፈውን ውግዘት ታውቀዋለህ?»

አውቀዋለሁ። በጴጥሮስ ወጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ነው የሚለው። ከሥራ መባረርን ስፈራ መጥቼ ከቤተ ክርስቲያን ልባረር ነው። ዱላዬን ተደገፍኩት፤ ያኔ ነው በወጉ የተጠቀምኩበት።

«የመጣኸው ልትመልስ ነው ወይስ ልትደብቅ?» አሉኝ።

«ልመልስ ነው የኔታ።»

«እንግዲያ ምን ያንቀጠቅጥሃል? ሂድ፣ መልስ» ብለው የሺዋስን ጠርተው አሰናበቱት።

የሺዋስ ከስቷል፣ ጢሙ ወርዷል፣ ነጠላው ታጥቦ ታጥቦ ሳስቷል። ሳቁ ግን ያው ነው። አንተ ልበለው እርስዎ ግራ ገብቶኝ ያለ ስም ሳነጋግረው ገባውና አንተ በለኝ አለኝ። ወደ ጎጆው ወሰደኝ። ኮምፒውተሩ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ መደቡ ሥር ተቀምጧል። ከመጣ ወዲህ ከፍቶት አያውቅም። ባትሪው ሞቷል፣ ጎጆው መብራት የለውም። ተሸክመነው ወደ መኪናው መንገድ ወረድን፤ እዚያ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ አንድ ጸጉር ቤት አለ። ጸጉር አስተካካዩ የጸጉር መቁረጫውን ነቅሎ ኮምፒውተሩን ሰካልን፤ ግማሽ ራሱ የተላጨ ሰውዬ ወንበሩ ላይ በትዕግሥት ጠበቀን። ለሰው ልጅ ያለኝ አክብሮት በዚያ ሰውዬ ምክንያት ጨምሯል።

ከብዙ ማማጥ በኋላ ተነሣ። ማኅደሩ አለ። ስሞቹ ሁሉ እንዳሉ አሉ፤ በቁልምጫውም፣ በአንድ ፊደሉም። እንደዚያ የተዝረከረከ ነገር አምሮብኝ አያውቅም። ወደ ፍላሽ ገለበጥኩት። የሺዋስ ለጸጉር ቤቱ ደንበኞች ሰላምታ እየሰጠ ሳለ እኔ ያቺን የስማዳዋን መስመር ፈልጌ ከፈትኩ። የማን እንደሆነች ማወቅ ፈልጌ ነው።

አነበብኩና ክዳኑን ከደንኩት።

የሺዋስ አየኝ። ምን ሆንክ አለኝ፤ ምንም አልኩት። መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና ክዳኑን ራሱ ከፈተው። መስመሯ የዓመቱን ወር የምትቆጥር ናት። አሥራ ሁለት ላይ ትቆማለች። በጳጉሜን የገባ መድኃኒት ሲመዘገብ ፕሮግራሙ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቅ ቀኑን ባዶ ይተወዋል፤ ቀን የሌለው ደግሞ ከዝርዝሩ ላይ አይታይም።

«ማን ይላል?» አለኝ። ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነው፤ ስሙን ግን ከእኔ አፍ መስማት ፈለገ።

«ያንተ ናት።»

እኔ በሆዴ፣ ይህ ሰው ሰላም ብሎ ከተቀመጠበት አውጥቼው፣ ኮምፒውተሩን አሸክሜ፣ በገዛ እጁ ጥፋቱን አስመዘዝኩት እላለሁ። አፌ ሳላዘው ተናገረ፤ «አሁን በእኔ ስም ነው ያለችው። ይችን አንዷን እንዳለች ልተዋት?»

«ሌላ ስም ልትፍቅ ነው?» አለኝ። ቆጣ አላለም። «እዚህ ሕፃናቱ እንኳ ጳጉሜንን አይረሱም» አለ። ከዚያ ሰው ተጎድቷል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የተመለሱ ሰዎች አሉ፣ ምን እንደደረሰባቸው ግን አላውቅም አልኩት። ነጠላውን አጣፍቶ ተነሣና ስልክህን ስጠኝ አለኝ።

ኔትወርክ ያለው ከጸጉር ቤቱ ጀርባ ያለው ቋጥኝ ላይ ነው። ወጣ። እኔም ከሥሩ ቆምኩ፤ የምሰማው የእሱን ብቻ ነው። «ወይዘሮ ሒሩት፣ የሺዋስ ነኝ። ጳጉሜንን የረሳኋት እኔ ነኝ» አለ። ቀጥሎ ደህና ነኝ፣ አዎ እበላለሁ፣ አልቆጨኝም ሲል ሰማሁት። ሊጨርስ ሲል ወደ እኔ ዞር ብሎ አየኝ።

«የጥፋቷ መስመር በስሜ ትቆይ፤ እንዳትነካ» አለ። «እርማቱን ግን እሱ ይጻፈው። በስሙ ይግባ።»

ያን ሳምንት ብዙ ፈርቻለሁ። እንደዚያች ሰዓት ግን አልፈራሁም። ያልሠራሁት ሁሉ በስሜ ሲገባ ቢያንስ እኔ አይደለሁም ማለት እችል ነበር። አሁን የምጽፋት ግን የእውነት የእኔ ናት።

ጸጉር ቤቱ ውስጥ ተቀምጬ ጻፍኳት። የሺዋስ ቁልፎቹን አልነካም አለ፤ ጎኔ ሆኖ ብቻ ያዳምጣል። እያንዳንዱን መስመር ጮክ ብዬ አነባለሁ። ጳጉሜን አምስት ሲሆን፣ በዘመነ ሉቃስ ስድስት ሲሆን፣ ምን እንደሚደረግ። ጸጉር አስተካካዩ ምላጩን ይዞ እያዳመጠ «ኧረ ዘመነ ሉቃስን እንዳትረሳ» አለኝ። አልረሳሁም። ወደ ቋጥኙ ወጥቼ ለቃልኪዳን ላክሁላት፤ ገምጋሚዋ በተራዋ እሷ ናት። ወዲያው አላጸደቀችልኝም። ደወለችና ስለ አንዷ መስመር ጠየቀችኝ፤ መለስኩ። ስለሌላዋ ጠየቀችኝ። ፀሐይ እያዘቀዘቀች፣ መኪና ሊያመልጠኝ፣ ሰውዬው ገና ግማሽ ራሱን እንደተላጨ፣ እሷ ግን ሁሉንም ጠየቀች። ስትጨርስ አጸደቀችው፤ አመሰገንኳት። ከልቤ ነበር።

የሺዋስ እስከ መኪናው ሸኘኝ። ኮምፒውተሩን ውሰደው ለመሥሪያ ቤቱ ይጥቀም ብሎ አሸከመኝ። ከስህተቴ ሌላ የሚያስታውሰኝ ነገር የለም አለኝ፤ እየሳቀ ነው፣ ዓይኑ ግን አልሳቀም። የተመለሱት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ካወቅህ ላክብኝ አለኝ። እሺ አልኩት። እስካሁን ያወቅሁት የለም።

ሰኞ የድሮው ማኅደር በቦታው ተመለሰ። ሰዎቹ ለመቆጣት ተዘጋጅተው መጥተው ነበር አሉ። ወይዘሮ ሒሩት የጻፈው ሰው ማን እንደሆነ ሰዎቹ ሳይጠይቁ ነገሯቸው፤ እሱ ራሱ ደውሎ የእኔ ናት እንዳለም ጨምረው ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ንግግሩ እርማቱ ለሁሉም ጤና ጣቢያ መቼ ይደርሳል ወደሚለው ሄደ። እኔም ቃልኪዳንም ተግሣጽ ደረሰን። አባባ ይግዛው ከግምገማው በሰላም መውጣቴን ሲሰሙ ስለት ነበረባቸውና ጧፍ ይዘው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።

ክረምቱ አለፈና ጳጉሜን ገባች። የዚያን ቀን ጠዋት ሥራ መሥራት አልቻልኩም። ጋቢዬን ደርቤ ከቤት ወጣሁና ራሴን የከተማችን ጤና ጣቢያ መድኃኒት መጋዘን መስኮት ላይ አገኘሁት። ውስጥ አንዲት ነጭ ጋወን የለበሰች ወጣት አዲስ የመጡ ካርቶኖች ፊቷ ደርድራ ኮምፒውተሩ ላይ ትመዘግባለች። አንዱን ካርቶን አነሣች፣ ጽሑፉን አየች፣ ጻፈች። ጣቷን ስትጫን ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስገልጥ እያየችኝ ነው። ምን ፈልገው ነው አለችኝ። የመዘገብሽው ዝርዝሩ ላይ ወጣ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ግራ ገባት፤ ሆኖም ዞር ብላ አየችው።

«ወጥቷል» አለች። «ጳጉሜን አንድ ይላል። ምነው? ማን ልበል?»

እዚያው መስኮቱ ላይ ቆሜ፣ አንድ እጄ ጋቢዬን እንደያዘ፣ ስሜን ከነአባቴ ነገርኳት።